ነፍሰ ጡር እናት ድንበር ስትሻገር፦ ከምግብ የሚመጡ አደጋዎችና መከላከያቸው

ከክልሉ ከተሞችና ገጠሮች በርካታ ሴቶች ወደ ዓረብ አገራት፣ ወደ እስራኤል፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይጓዛሉ። ከትዳር አጋር ጋር ለመኖር፣ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለሥራ፣ ለሕክምና ወይም ለኡምራ የሚሄዱ አሉ። ኑሯቸውን በውጭ ያደረጉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ነፍሰ ጡሮችም ይገኙበታል።

ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ “የምትሄድበት አገር ምግብ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ነፍሰ ጡርን በበቂ ሁኔታ አይጠብቃትም። ምክንያቱም ለጽንስ አደገኛ የሆኑ ተህዋስያን በሀብታምም ሆነ በድሃ አገር ይገኛሉ፤ የሚለያየው የሚደበቁበት ቦታ ነው። በኢትዮጵያ አደጋው በብዛት የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ፣ ካልፈላ ወተትና ካልታከመ ውኃ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን በሚያምር ማሸጊያ ተጠቅልሎ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተደርድሮ ሊጠብቅ ይችላል። አንዲት ሴት በአገሯ የምታውቀውን አደጋ መጠንቀቅ ለምዳለች፤ የምትጎዳው በአብዛኛው በማታውቀው ነው።

እርግዝና ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

በእርግዝና ወቅት የእናት ሰውነት ጽንሱን እንደ ባዕድ አካል ቆጥሮ እንዳያጠቃው የበሽታ መከላከል አቅሙን ያስተካክላል። ይህ ለጽንሱ መልካም ቢሆንም አንዳንድ ተህዋስያን እናቲቱን በቀላሉ እንዲይዟት በር ይከፍታል። ከእነዚህም ውስጥ ጥቂቶቹ የእንግዴ ልጁን አልፈው ጽንሱ ዘንድ ይደርሳሉ። ለዚህም ነው ሌላውን ሰው ለሁለት ቀን ብቻ የሚያስታምም ምግብ ለነፍሰ ጡር የጽንስ መቋረጥ ምክንያት ሊሆን የሚችለው። በተለይ አራት ተህዋስያንን ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በአፈር፣ በውኃና በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በማቀዝቀዣ ውስጥ መራባታቸው ሲገታ ሊስቴሪያ ግን እዚያም ቀስ እያለ ይራባል። ነፍሰ ጡሮች ከሌላው ሰው ይልቅ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 10 እጥፍ ገደማ መሆኑን የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገልጻል። እናቲቱን ቀላል ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ብቻ ሊያሳያት ይችላል፤ ጽንሱን ግን እስከ ሞት ያደርሳል፤ ያለ ጊዜው እንዲወለድ ወይም ከነበሽታው እንዲወለድም ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ1985 በሎስ አንጀለስ አካባቢ በዚህ ባክቴሪያ የተበከለ ለስላሳ አይብ 142 ሰዎችን አሳምሟል። ከእነዚህ ውስጥ 93ቱ ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ፤ 20 ጽንሶችና 10 ጨቅላዎች ሕይወታቸው አልፏል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ፖሎኒ በሚባል ተቆራርጦ ሳይበስል በሚበላ የፋብሪካ ሥጋ ምክንያት ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከታማሚዎቹ ከ10 አራት ገደማ የሚሆኑት ገና 28 ቀን ያልሞላቸው ጨቅላዎች ነበሩ። ሁለቱም ምግቦች በሕጋዊ ሱቅ የተሸጡ፣ ለዓይን እንከን የሌለባቸው ነበሩ።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ ነው። ድመት በእዳሪዋ ወደ አፈር ትረጨዋለች፤ በግ፣ ፍየልና ሌሎች እንስሳት ከግጦሽ ይወስዱታል፤ ሰው ደግሞ ካልበሰለ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ያገኘዋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ነፍሰ ጡሮች ከዚህ በፊት ለተህዋሱ ተጋልጠው እንደነበር ያሳያሉ። ከእርግዝናው በፊት የተጋለጠች ሴት ሰውነቷ በአብዛኛው መከላከያ ያበጀ በመሆኑ ጽንሱ የሚጎዳበት ዕድል አነስተኛ ነው። አስጊው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘችው በእርግዝናዋ ወቅት ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የልጁን ዐይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በውጭ ተወልዳ ያደገች፣ ተህዋሱን አግኝታው የማታውቅ ሴት አገር ቤት መጥታ ጥሬ ሥጋ ስትበላ ከአክስቶቿና ከእኅቶቿ የበለጠ አደጋ ላይ የምትወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። “እኛ ስንበላው ኖረን ምን ሆንን?” የሚለው ማባበያም ለእርሷ አይሠራም።

ሦስተኛው ብሩሴላ ነው። በከብት፣ በፍየል፣ በበግና በግመል ላይ ውርጃ የሚያስከትል ባክቴሪያ ሲሆን ወደ ሰው የሚገባው በዋናነት ባልፈላ ወተትና ከእርሱ በተሠሩ ምግቦች ነው። የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ለጽንስ መቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። በሰገራ በተበከለ ውኃ ይተላለፋል። ጤነኛ ሰው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ያገግማል። በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት የተያዙ እናቶች ግን ከ100 ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። በሱዳንና በደቡብ ሱዳን፣ እንዲሁም በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ ያውቃል። በየብስ ወደ ጎረቤት አገር የምትሻገር ነፍሰ ጡር ስለ ውኃዋ አብዝታ መጠንቀቅ የሚገባት ለዚህ ነው።

ከመነሣት በፊት

የጉዞ ቀን ከመቆረጡ አስቀድሞ የእርግዝና ክትትል የሚደረግበትን ጤና ተቋም ማማከር ያስፈልጋል። ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለጉዞ የተሻለ ሆኖ ይመከራል፤ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፣ የመውለጃው ጊዜም ገና ነው። አየር መንገዶች ስለ እርግዝና ወራት የየራሳቸው ገደብ ስላላቸው ትኬት ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይገባል። የክትትል ካርዱንና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ዝርዝር በእጅ ቦርሳ መያዝ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ጥቂት ፓኬት መጨመር ደግሞ በመንገድ ላይ ይጠቅማል።

ስንቅን በተመለከተ አበው ያቆዩት ደረቅ ምግብ ለዚህ ጉዞ የሚመጥን ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና በሶ በውስጣቸው ያለው እርጥበት አነስተኛ በመሆኑ ባክቴሪያ አይራባባቸውም። ሆኖም በሶ ከተበጠበጠ በኋላ ደኅንነቱ እንደ ውኃው ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ቢፈጭም ያልታከመ ውኃ ከገባበትና ባልታጠበ እጅ ከታሸ መልሶ ይበከላል። ቋንጣም የደረቀ እንጂ የበሰለ ሥጋ አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ነፍሰ ጡር በወጥ ወይም በፍርፍር ውስጥ በደንብ ከበሰለ በኋላ እንጂ እንዳለ ልትበላው አይገባም።

ደረቅ ምግብ ላይ የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ ኦቾሎኒ፣ በቆሎ ወይም በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያበጅ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ጽንስም ሊተላለፍ ይችላል። በሌሎች አደጋዎች ላይ የሚያድነው ሙቀት እዚህ ላይ አያገለግልም፤ መደበኛ ምግብ ማብሰል አፍላቶክሲንን አያጠፋውም። ለተጓዥ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ምርቱን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ ማድረቅ፣ ክብደት እንዲጨምር ወይም እንዳይሰበር ውኃ የተረጨበትን በርበሬ አለመግዛት፣ የሻገተውን ለቅሞ መጣልና በደረቅ ዕቃ ማሸግ ይኖርበታል።

ስንቁ ድንበር ላይ እንዳይወሰድ የአገሩን ሕግ ማወቅም ተገቢ ነው። አሜሪካ የአፍ ማስ በሽታ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ሥጋን በመንገደኛ እጅ እንዲገባ አትፈቅድም፤ ኢትዮጵያም በሽታው ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። በመሆኑም ቋንጣ ይዞ መሄድ መወረስን፣ ሳያስመዘግቡ ከተገኙ ደግሞ መቀጮን ሊያስከትል ይችላል። ማንኛውንም የምግብ ዓይነት በጉምሩክ ማስመዝገብ ከችግር ያድናል።

በመንገድ ላይ

ረዥም ጉዞ ምግብን ከሙቀቱ ያርቃል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይመከርም። ጧት ተሠርቶ በምሳ ዕቃ የተያዘ ዶሮ ወጥ ወይም ጥብስ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ ማታ ቢበላ ሽታው ባይለወጥም ሊጎዳ ይችላል።

በአውሮፕላን ውስጥ እንፋሎቱ እየወጣ የሚቀርበውን ምግብ መምረጥ፣ በመሸጋገሪያ አየር ማረፊያ ደግሞ ቀዝቃዛ ሥጋ፣ ዕንቁላል ወይም ማዮኔዝ ያለበትን ሳንድዊች መተው ይበጃል። የታሸገ ውኃ ሲገዛ ክዳኑ አለመከፈቱን ማየት፣ ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ሳሙናና ውኃ በማይገኝበት የእጅ ሳኒታይዘር ይረዳል።

በባሕረ ሰላጤው አገራት

በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በጎረቤቶቻቸው በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከሱቅ የተገዛ ወተት፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በመኪና ውስጥ ጥቂት ከቆየ ከላይ የተጠቀሰውን የአንድ ሰዓት ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የሚቀዘቅዙ ምግቦችን ከግዢው መጨረሻ ላይ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ቤት መውሰድ ይገባል።

በብዙ ቦታ የሚሸጠው ሻዋርማ ሥጋው ከላይ ቢጠበስም ውስጡ ጥሬ ሆኖ ሊቆረጥ ይችላል። ነፍሰ ጡር ውስጡ መብሰሉን ሳታይ መብላት የለባትም፤ ከጥሬ ዕንቁላል የተሠራ የነጭ ሽንኩርት ማባያ ወይም ማዮኔዝም ይቅርባት። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ያልፈላ የግመል ወተት ለብሩሴላ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው መርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት በሽታም ከግመል ጋር የተያያዘ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ጥሬ የግመል ወተት እንዳይጠጣ ይመክራል።

ዓሣ ለጽንስ አንጎል እድገት ይጠቅማል፤ በመሆኑም በሚገባ የበሰለ ትንንሽ ዓሣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል መመገብ መልካም ነው። ሌሎች ዓሦችን እየበሉ የሚያድጉት ትልልቆቹ፣ ማለትም ሻርክ፣ ማርሊን፣ ሶርድፊሽና ኪንግ ማከሬል ግን ሜርኩሪ ስለሚያጠራቅሙ ለነፍሰ ጡር አይመከሩም።

በአሜሪካና በአውሮፓ

በእነዚህ አገሮች የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው አያሳስብም። ጥንቃቄው ወደ ማቀዝቀዣው ይዞራል። ተቆራርጦ የሚሸጥ የፋብሪካ ሥጋና ሆት ዶግ ካልሞቀ፣ ቀዝቃዛ የተጨሰ ዓሣ፣ ሱሺ፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ ለስላሳ አይብ፣ በመጋዘን የተዘጋጀ ሰላጣና ጥሬ የእህል ቡቃያ ነፍሰ ጡር ልትርቃቸው ከሚገቡት ውስጥ ናቸው። ሥጋው እንፋሎት እስኪወጣው፣ ማለትም እስከ 74 ዲግሪ ድረስ ከሞቀ ሊስቴሪያ ስለሚሞት መብላት ይቻላል። ብሪና ካሞምቤር የተባሉት ልስልስ አይቦች ሳይበስሉ አይመከሩም፤ ጠጣር አይብ ግን አደጋው አነስተኛ ነው።

ፍራፍሬም ቢሆን ከጥንቃቄ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2011 በኮሎራዶ ከበቀለ ሐብሐብ መሰል ፍሬ የተነሣ 147 ሰዎች በሊስቴሪያ ታመው 33ቱ ሞተዋል። ቢላዋ በልጣጩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ወደ ሥጋው ይዞት ስለሚገባ የሚላጥ ፍሬም ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት። የተቆረጠውም ወዲያው መበላት ወይም በማቀዝቀዣ መቀመጥ ይኖርበታል።

ወተት፣ አይብና ጭማቂ ሲገዛ ጽሑፉን ማንበብ ወሳኝ ነው። በእንግሊዝኛ “ፓስቸራይዝድ” የሚለው ቃል ጀርም ለመግደል በሙቀት የታከመ ማለት ነው። በዓረብኛ “ሙበስተር”፣ በዕብራይስጥ ደግሞ “ሜፉስታር” ይባላል። በፈረንሳይ አይብ ላይ “ሌ ክሩ” የሚል ከታየ ከጥሬ ወተት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ጥሬ ወተት በሕግ ተፈቅዶ ስለሚሸጥ በሱቅ መገኘቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ቋንቋውን የማታነብ እናት ቃሉን በወረቀት አስጽፋ ይዛ ሻጩን ማሳየት ትችላለች።

በእስራኤል በሱቅ የሚሸጠው የወተት ተዋጽኦ በአብዛኛው በሙቀት የታከመ ነው። በደቡቡ የኔጌቭ አካባቢ በቤት ውስጥ ከጥሬ የፍየልና የበግ ወተት የሚሠራ አይብ ግን ብሩሴላ ሲያስተላልፍ ቆይቷል።

ከኢትዮጵያ ጋር አብሮ የሄደው የጥሬ ሥጋ ፍቅርም በውጭ አልቀረም። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ክትፎና ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ሥጋው በውጭ የእርድ ተቋም ተመርምሮ መውጣቱ ጥሬውን ለነፍሰ ጡር አስተማማኝ አያደርገውም፤ በምርመራ የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉና።

ወደ አገር ቤት ስትመጣ

ነፍሰ ጡር እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ የሚያቀርበው ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነው። ቁርጥ ማቅረብ ክብር፣ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ እንግዳዋም እምቢ ማለት ይከብዳታል። ስለዚህ ጥንቃቄውን ለእርሷ ብቻ መተው አይገባም፤ አስተናጋጁ አስቀድሞ የበሰለውን ቢያቀርብ እርሷን ከመሸማቀቅ፣ ጽንሱን ከአደጋ ያድናል።

ክትፎ “ለብለብ” ሲባል ከላዩ ብቻ ይሞቃል፤ ይህ አይበቃም። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ስለሚቀላቀል እስከ 71 ዲግሪ መሞቅ፣ ቀይ መልኩም ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። “የበሰለ ክትፎ” ብሎ ማዘዝ የሚያሳፍር አይደለም። ዱለት ሁለት ችግር አለበት፤ ብዙ ጊዜ በቅጡ አይበስልም፣ ጉበቱም ለጽንስ ሊበዛ የሚችል ቫይታሚን ኤ አለው። በአንጻሩ ለሰዓታት የተሠራ ዶሮ ወጥ ከጠጣር የተቀቀለ ዕንቁላሉ ጋር፣ ደረቅ ጥብስ፣ እየተንተከተከ የሚወርድ ሽሮና ምስር ወጥ ከምጣድ ከወረደ እንጀራ ጋር ለነፍሰ ጡር ከሚቀርቡት ምግቦች ሁሉ የተሻሉ ናቸው። በድግስ ጊዜ ለእርሷ ቀድሞ በትኩሱ ቢወጣላትና ለብቻዋ ቢቀርብላት፣ የሚያጎርሳትም እጁን በሳሙና የታጠበ ቢሆን ይመረጣል።

ወተት ገንፍሎ እስኪፈላ መቀቀል አለበት። እርጎ መምረሩ ባክቴሪያን ቢያዳክምም ሁሉንም አይገድልም፤ ስለዚህ ከፈላ ወተት ያልተሠራ እርጎ ለነፍሰ ጡር አይቀርብም። አይብ በሙቀት የሚሠራ ቢሆንም አሬራው ብዙ ጊዜ እስከ መፍላት አይደርስም፤ ከወጣ በኋላም በእጅ ይነካካል። አንጥሮ የተዘጋጀ ቅቤ ግን በደንብ ስለሚፈላ ከለጋ ቅቤ ይልቅ አስተማማኝ ነው። በመንጋው ውስጥ በመጨረሻ ወራቷ ያስወረደች ላም ወይም ፍየል ካለች ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል፤ ነፍሰ ጡርም የወረደውን ጥጃ ወይም የእንግዴ ልጁን መንካት የለባትም።

ውኃን በተመለከተ የተሻለው ዘዴ ማፍላት ነው። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ በዝቅተኛ ስፍራ አንድ ደቂቃ፣ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ለውኃ ማከሚያ የሚሸጥ የአዮዲን እንክብል የጽንሱን እንቅርት ዕጢ ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር አትጠቀምበትም። በረዶ፣ ጥርስ ማጠቢያና ጭማቂ ማቅጠኛ የሚሆነው ውኃም ከዚሁ ከታከመው መሆን አለበት።

በመስኖ የሚለሙ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በተበከለ ወንዝ ውኃ ሊጠጡ ስለሚችሉ ጥሬያቸውን ከመብላት አብስሎ መብላት ይሻላል። ሙዝ፣ ብርቱካንና ማንጎ ታጥበው በራሷ እጅ ሲላጡ መልካም ናቸው። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ አልኮል ስላለባቸው በእርግዝና ወቅት ደኅና የሚባል መጠን የላቸውም። ቡና ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ቢሆን ይፈቀዳል።

ሕመም ከተሰማ

ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲጀምር ቀዳሚው ሥራ የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በታከመ ውኃ በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መጠጣት ይገባል። ካልተገኘ በአንድ ሊትር የታከመ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልክ እንጂ ሳይከመር፣ በመበጥበጥ እስከ ጤና ተቋም መድረሻ መጠቀም ይቻላል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መግዛት ግን ክልክል ነው። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች የልጁን ጥርስና አጥንት ሊጎዱ ይችላሉ። ለኮሶ ትል ተብሎ የሚጠጣው ባህላዊው ኮሶም ለነፍሰ ጡር አደገኛ በመሆኑ ጨርሶ አይታሰብም።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ወይም ጉንፋን የሚመስል የጡንቻ ሕመም፤
• ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም የጠጡትን ሁሉ የሚመልስ ትውከት፤
• የዐይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም መቀነስ፤
• የሆድ ቁርጠት፣ ከማሕፀን ደም ወይም ፈሳሽ መውጣት፤
• የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ።

ሊስቴሪያ ከተበላ በኋላ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ወር ቆይቶ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ከጉዞ ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ የመጣን ትኩሳት እንኳ “የድካም ነው” ብሎ ማለፍ አይገባም። ለሐኪሙ የት አገር እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉና እርጉዝ መሆናቸውን በግልጽ መንገር ምርመራውን ያፋጥናል። በጊዜ ከተደረሰበት ሊስቴሪያ ለነፍሰ ጡር በሚፈቀዱ ፀረ ባክቴሪያዎች ይታከማል፤ ጽንሱንም ማዳን ይቻላል።

ለተጓዧና ለቤተሰቧ በአጭሩ

• ትኩስ ሆኖ የሚቀርብ፣ እስከ ውስጡ የበሰለ ምግብ በየትኛውም አገር ይመረጣል፤
• ወተት፣ እርጎና አይብ ከመቅረባቸው በፊት “ወተቱ ፈልቷል ወይ?” ተብሎ ይጠየቃል፤
• ውኃው የፈላ ወይም ክዳኑ ያልተከፈተ መሆን አለበት፤
• ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሳይሞቅ የሚበላ ሥጋና ዓሣ ይታለፋል፤
• ፍራፍሬ ታጥቦ በራስ እጅ ይላጣል፤
• የሻገተ እህል፣ በርበሬና ኦቾሎኒ ተቀቅሎም ሆነ ተቆልቶ አይበላም፤
• ትኩሳት ሲኖር ሐኪም እንጂ ፋርማሲ ብቻ አይኬድም።

አርሶ አደሩ የሚያልበው ወተት፣ የሚያደርቀው በርበሬና የሚያርደው በግ በአንድ በኩል ለእንግዳ፣ በሌላ በኩል ለስንቅ ይሆናል። በግቢው የሚደረግ ንጽሕናና በምድጃው የሚጨመር ጥቂት ደቂቃ ከድንበር ማዶ ያለችን እናትና ያልተወለደ ልጇን እስከ መጠበቅ ይደርሳል።